ስለ ዱባና ቅል በጣም አጭር ግጥም እንዴት ይጻፋል?

መስከረም 25 ክረምቱ ወጥቶ በማግስቱ መፀው ሲገባ ባህርዳር አካባቢ ያለ ጓሮ ሁሉ ሐረግ በሐረግ ነው፣ ዱባው አጥሩን አልፎ ጎረቤት ገብቷል፣ ቅሉ ማድቤት ጣራ ላይ ወጥቷል፣ ግጥም የሚጽፈው ሰው ግን ስለ አደይ አበባ ብቻ ነው የሚጽፈው። አደይ አበባን እኔም እወዳታለሁ፣ ግን ስለሷ ያልተባለ ነገር ማግኘት በጣም ከባድ ነው። ዱባና ቅል ላይ ገና ብዙ ቦታ አለ፣ ሁለት ሶስት መስመር ብቻ መጻፍ ለሚፈልግ ሰው ደግሞ ከነሱ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

መጀመሪያ ሂዱና እዩት። ይሄን ስቴፕ ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ቤት ቁጭ ብሎ "ዱባ ክብ ነው፣ ቢጫ ነው" እያለ ይጀምራል፣ ከዛ የሚወጣው ነገር ማንም ሰው ሊለው የሚችለው ነገር ይሆናል። ጓሮ ካላችሁ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ውጡና የዱባውን አበባ እዩት፣ ጎህ ሲቀድ የተከፈተው ቢጫ አበባ እኩለ ቀን ሳይሞላ ተጠቅልሎ ይዘጋል፣ ያ አበባ በቃ ሁለተኛ አይከፈትም። የቅል አበባ ደግሞ ነጭ ነው፣ የሚከፈተው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፣ ሌሊቱን አብቦ ያድራል፣ ዱባውን ንብ ስትጎበኘው እሱን የእሳት እራት ነው የሚጎበኘው። ሁለቱ አንድ አጥር ላይ ተጠላልፈው በቅለው ይሄ ሁሉ ልዩነት አላቸው፣ ስንቶቻችን ነን ልብ ያልነው?

ጓሮ ለሌለው ቅዳሜ ገበያ አለ። እዛ ዱባውን ገልብጡትና መሬት ላይ ተኝቶ የከረመበትን ጎን እዩት፣ ሌላው ቦታ አረንጓዴ ወይ ብርቱካናማ ሆኖ እዛ ጋ ብቻ ገርጥቶ ታገኙታላችሁ። ቅል ካገኛችሁ አንሱና ነቅንቁት። እርጥብ ቅል ውሃ ስለሆነ ይከብዳል ድምፅም የለውም፣ ሲደርቅ ግን ልጡ እንጨት ሆኖ ውስጡ ያለው ፍሬ ይንኳኳል። ወተት መግፊያ የነበረ ቅል ቤታችሁ ካለ አፉን ክፈቱና አሽትቱት፣ የታጠነበት ወይራ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ ታያላችሁ።

ከዛ ካያችሁት ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ያዙ። ሁለት አይደለም፣ አንድ። ስልካችሁ ላይ ዝም ብላችሁ እንደ ወሬ ጻፉት፣ ለምሳሌ "የዱባ አበባ ጠዋት ይከፈታል የቅል ማታ"። ውብ፣ ድንቅ፣ ማራኪ ምናምን የሚል ቃል ከገባበት አውጡት፣ ግጥሙ አጭር ስለሆነ እንደዚህ አይነት ቃል ተቀምጦ የሚበላው ቦታ የለም። ተረትና ምሳሌም እንደዛው፣ "ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል" ራሱ የሚያምር አጭር ግጥም ነው ግን ሁሉም ያውቀዋል፣ ግጥማችሁ ውስጥ ከከተታችሁት አንባቢው ቀሪውን ሳይሰማ ጨርሶላችኋል።

አሁን ወደ ምቱ። አማርኛ ላይ ለጀማሪ የሚቀለው የወል ቤት ነው፣ አንድ መስመር ስድስት ስድስት ምት ያላቸው ሁለት ሐረጎች አሉት። ፊደል እንዳትቆጥሩ፣ ሳድስ ፊደል (እንደ ል፣ ም፣ ት ያለው ስድስተኛው) ብዙ ጊዜ ከፊቱ ካለው ጋር ተጣብቆ ስለሚነበብ የሚቆጠረው በአፍ የሚሰማው ነው፣ እጃችሁን እያጨበጨባችሁ በሉት፦ ዱ፣ ባው፣ ጠ፣ ዋት፣ ፈ፣ ካ። ስድስት። ያቺን ወሬ በዚህ ስናስገባት እንዲህ ትሆናለች፦

ዱባው ጠዋት ፈካ፣ ቅሉ ማታ ፈካ፤
አንድ አጥር ላይ ሆነው አልተያዩም ለካ።

የገበያውንም ዱባ በዚሁ ልክ፦

ገበያ ተሽጦ መንደሩን ቢለቅም፣
የተኛበት አፈር ከጎኑ አይለቅም።

ስድስት ስድስቱ ከረዘመባችሁ አምስት አምስት የሚሄደውን ሰንጎ መገን ሞክሩ፣ ዜማው ፈጠን ይላል።

ሌላው መንገድ ሃይኩ ነው፣ ቤት መምቻ አያስፈልገውም። የጃፓኖች ግጥም ነው፣ ሶስት ሐረግ፣ 5 ከዛ 7 ከዛ 5 ድምፅ፣ ወቅቱን የሚናገር አንድ ቃልም ይኖረዋል፣ እነሱ ጋ ዱባም ቅልም ከመኸር ቃላት ይመደባሉ። ማሳኦካ ሺኪ የሚባለው ገጣሚያቸው እ.ኤ.አ. በ1902 ገና በ34 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ በሽታ ነው የሞተው፣ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው የጻፋቸው የመጨረሻ ሶስት ሃይኩዎች በሙሉ ስለ ሉፋ ናቸው፣ ሲደርቅ ገላ መፈተጊያ የሚሆነው የቅል ዘመድ። ጓሮው ነበር፣ ከአልጋው ሆኖ ያየዋል፣ ከሐረጉ የሚወጣው ውሃ ደግሞ ለአክታ መድኃኒት ነው ተብሎ ይጠጣ ነበር። ያ ሰው ሞት ደጅ ላይ ሆኖ ስለ ሞት ለመናገር ከጓሮው ሐረግ አልራቀም፣ እኔ ከሃይኩ ሁሉ የምማረው ይሄን ነው። በአማርኛ ሲሞከር ቁጥሩ አንድ ቢጎድል ቢጨምር አትጨነቁ፣ ዋናው ሁለት ነገር ጎን ለጎን አስቀምጦ መሃሉን ለአንባቢው መተው ነው፦

የደረቀ ቅል፣
ፍሬው ውስጡ ያወራል፤
ዝናብ አቁሟል።

ስለ ወርቁ ደግሞ ትንሽ ልበል፣ እዚህ ሀገር ስለ አጭር ግጥም ተወርቶ ሰምና ወርቅ አይታለፍም፣ ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ነው፣ ወርቁ ከስር የተደበቀው። የጎጃም ቅኔ ቤቶች ውስጥ ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት ማለትም ሁለት መስመር ብቻ ነው፣ ተማሪው የሚጀምረው በሱ ነው፣ ስለዚህ ሁለት መስመር አነሰ ብላችሁ እንዳታስቡ። የምመክረው ከወርቁ እንዳትጀምሩ ነው። መጀመሪያ ሰሙ እውነት ይሁን፣ አበባው በትክክል ጠዋት የሚከፈት ይሁን፣ ወርቁ ራሱ ይመጣል። ያቺን የአበባ ግጥም አንዱ እሷ ቀን ሱቅ እየዋለች እሱ ሌሊት ጥበቃ እየሰራ አንድ ቤት ውስጥ የማይገናኙ ባልና ሚስት ብሎ ይሰማታል፣ ሌላው ሌላ ይሰማታል፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። "እንደኔና እንዳንቺ" የምትል ነገር መጨረሻው ላይ ከጨመራችሁ ግን አለቀ፣ ግጥሙ አንድ ሰው ብቻ የሚገባበት ቤት ይሆናል። የዮናስን ቅል የሚያስታውስም አንባቢ ይኖራል፣ በአንድ ሌሊት በቅላ በአንድ ሌሊት የደረቀችውን፣ ስለዚህ ስለሚደርቅ ሐረግ ስትጽፉ ያ ታሪክ ሳትጠሩትም አብሯችሁ እንዳለ እወቁ።

ስትጨርሱ ድምፃችሁን አውጥታችሁ አንብቡት፣ ምላስ የሚይዘው ቦታ ካለ ምቱ እዛ ጋ ተሰብሯል ማለት ነው። ቴሌግራም ላይ በቮይስ ለአንድ ጓደኛ ላኩለት፣ ጽሑፉን አትላኩ፣ በጆሮ ብቻ ይስማው፣ ምን እንዳየ ጠይቁት። ዱባውን ካላየው ችግሩ ሰሙ ላይ ስለሆነ ወደ ጓሮ ተመለሱ። ርዕስ አትስጡት፣ ሁለት መስመር ግጥም ላይ ርዕስ ማለት ሶስተኛ መስመር ነው፣ ብዙ ጊዜም ሚስጥሩን ቀድሞ የሚያወጣው እሱ ነው። ሐረጉ ኅዳር እያለቀ ሲሄድ ስለሚደርቅ አበባውን ማየት የምትፈልጉ ጥቅምት ላይ ጀምሩ፣ የደረቀ ቅል ለመነቅነቅ ግን ጥርም ይደርሳል።