ውሻዎ ሲያስመልስ ምን ያድርጉ?

የፋሲካ ማግስት ነው። ሁዳዴን በሽሮና በእንጀራ ፍርፋሪ የከረመው የግቢያችን ውሻ በአንድ ሌሊት የበግ ጮማ፣ አጥንትና የዶሮ ወጥ ትራፊ አገኘ። ጠዋት በር ስከፍት ሦስት ቦታ አስመልሷል። እሱ ግን ጭራውን እየቆላ ቁርሱን ይጠብቃል።

ጤነኛ ውሻ ድንገት ሲያስመልስ ብዙ ጊዜ ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ሆዱ ያልለመደውን በልቶ ነው።

1. ከመጥረግዎ በፊት ይዩት

ደስ አይልም፣ ግን ይዩት። በስልክዎ ፎቶም ያንሱት፤ ሐኪም ጋ ከሄዱ ይጠቅማል።

ምግቡ ሳይፈጭ፣ ሆዱም ሳይታገል ዝርግፍ ብሎ ከወጣ ምናልባት ተስገብግቦ በልቶ ነው። በሰፊ ትሪ ላይ በትነው ይስጡት፤ እየለቀመ ሲበላ ይረጋጋል። ጠዋት ጠዋት ቢጫ አረፋ ብቻ ከሆነ ሐሞት ነው። በቀን አንዴ ብቻ የሚበላ ውሻ ላይ ይበዛል። ማታ ከመተኛቱ በፊት ትንሽ ያቅምሱት። ሳር ካለበት ብዙም አይደንግጡ። ክር የመሰለ ነጭ ትል ካዩ ግን ወስፋት ነው፤ የትል መድኃኒት በክብደቱ ልክ ያስፈልገዋል።

2. ቀጥሎ ውሻውን ይዩ

ከንፈሩን ገለጥ አድርገው ድዱን በጣትዎ ይጫኑ። ይነጣል። ጣትዎን ሲያነሱ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝነቱ መመለስ አለበት። የገረጣ፣ የደረቀና የሚያጣብቅ ድድ ጥሩ ምልክት አይደለም። ድዱ በተፈጥሮው ጥቁር ከሆነ የታችኛውን የዓይን ቆብ ውስጡን ይመልከቱ።

3. ሆዱን ያሳርፉት

አንዴ ወይም ሁለቴ አስመልሶ የሚጫወት ትልቅ ውሻ ከሆነ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ምግብ አይስጡት። ውሃ ግን አይከልክሉት። በአንዴ ገንቦ ሙሉ ከጠጣ መልሶ ያወጣዋል፤ ስለዚህ በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ይስጡት። ቡችላ ከሆነ ማስራቡ ይቅር፣ ስኳሩ ቶሎ ይወርዳል። በቀጥታ ወደ ሐኪም ይደውሉ።

4. በቀላል ምግብ ይጀምሩ

የተቀቀለ ሩዝና ቆዳና አጥንት የሌለው የተቀቀለ ዶሮ። ጨው የለ፣ ዘይት የለ፣ ሽንኩርት የለ። እፍኝ እፍኝ እያሉ በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ለሁለት ሦስት ቀን። ከዚያ የለመደውን እየቀላቀሉ ይመልሱት።

ሽንኩርቱን በዋዛ አላነሳሁትም። ቀይም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳል፤ የዶሮ ወጥ ደግሞ ግማሹ ሽንኩርት ነው። ጮማው ቆሽቱን ሊያስቆጣ ይችላል። የበሰለ የዶሮ አጥንትም እንደ ስንጥር ተሰብሮ አንጀት ይወጋል። ለውሻ ግብዣ የሚመስለን ነገር ሁሉ ግብዣ አይደለም።

5. የማይጠበቅበት ጊዜ

ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካስመለሰ፣ ውሃ እንኳ ካልረጋለት፣ ከአንድ ቀን በላይ ከቀጠለ ወይም ፈዞ ከተኛ ይውሰዱት። ያልተከተበ ቡችላ አስመልሶ ደም ያለበት ተቅማጥ ከጨመረ ፓርቮ የሚባለው አደገኛ የቫይረስ በሽታ ሊሆን ይችላል። ትልቅ ውሻ ለማስመለስ እየታገለ ምንም ካልወጣውና ሆዱ እንደ ከበሮ ከተነፋ ጨጓራው ዞሮ ሊሆን ይችላል። ይህኛው እስከ ጠዋት አይቆይም፤ በሌሊትም ቢሆን ሐኪም ይፈልጉ።

የአይጥ መርዝ ከጠረጠሩ ማሸጊያውን ይዘው ይሂዱ። «ወተት ያጠጡት፣ መርዝ ያረክሳል» የሚል ሰው አይጠፋም። አያረክስም። በግድ ሲጋቱት ሳንባው ውስጥ ሊገባም ይችላል። የጨው ውሃም አይስጡት። አንዳንዱ መርዝ ከቀናት በኋላ ነው ደም የሚያፈሰው፤ ስለዚህ «ደህና ይመስላል» ብለው አይቅሩ። በቤት ያለውን ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል በጭራሽ አይስጡት።

የእኛው ውሻ በሩዝና በዶሮ በሦስተኛው ቀን ተሻለው። አሁን በበዓል ቀን ትንሽ ቀይ ሥጋ ቀቅለን እንሰጠዋለን፣ አጥንቱን ደግሞ ቋጥረን እንጥላለን። ጎረቤት በአጥር ላይ የሚወረውርለትን ግን እስካሁን ማስቆም አልቻልኩም።