የካሜራ ባትሪ ቶሎ ሲያልቅ ጥፋተኛውን እንዴት እንለያለን?

በታኅሣሥ አንድ ማለዳ መንዝ ጓሳ ላይ ነበርኩ። ጭላዳዎቹ ካደሩበት ገደል ወጥተው ሜዳው ላይ ፀሐይ መሞቅ ጀምረዋል። ሌሊቱን ቻርጅ ሲደረግ ያደረው ባትሪዬ ሰባተኛው ፎቶ ላይ ቀይ ምልክት አሳየና ካሜራው ጠፋ። ባትሪውን ረገምኩት፤ የሸጠልኝንም ሰው ጨመርኩለት። ከሁለት ሰዓት በኋላ መሐል ሜዳ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ካሜራውን እንዲያው ብከፍተው፣ ያው ባትሪ ከግማሽ በላይ እንዳለው አሳየኝ።

ከዚያ ቀን በፊት ሁለት ባትሪዎችን “ሞተዋል” ብዬ ጥያለሁ። ቢያንስ አንዱ ደህና እንደነበረ ዛሬ አውቃለሁ። ባትሪ ቶሎ አለቀ ማለት ባትሪው ተበላሸ ማለት አይደለም። ተጠርጣሪዎቹ አራት ናቸው፦ ባትሪው፣ ቻርጀሩ፣ ካሜራውና ብርዱ። አምስተኛው ባለካሜራው ራሱ ነው፤ እርሱን ኋላ አነሣዋለሁ።

የባትሪው ዓይነት

ካሜራዎ የራሱ ጠፍጣፋ ሊቲየም ባትሪ ካለው ይህን ይዝለሉት። ጣት በሚያክል የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ከሆነ ግን ምናልባት ችግርዎ እዚሁ ያልቃል። በየሱቁ የሚሸጠው ርካሽ ድንጋይ ሬዲዮ ሲያናግር ይከርማል፤ ሬዲዮ የሚፈልገው በጥቂት በጥቂቱ ነውና። ካሜራ ሌንሱን ሲያወጣና ፍላሹን ሲሞላ ብዙ ኃይል በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። ያን ጊዜ የድንጋዩ ቮልቴጅ ይወርድና ካሜራው “አለቀ” ይላል። ያንኑ ድንጋይ አውጥተው ሬዲዮ ውስጥ ቢከቱት ይዘፍናል። አልካላይኑ ከርካሹ ይሻላል፤ ፍላሽ ሲበዛበት ግን እርሱም ይደክማል።

ቻርጅ የሚደረገውን፣ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለውን ይግዙ። ላዩ ላይ 1.2 ቮልት ስለሚል ከተራው የ1.5 ቮልት ድንጋይ ያነሰ ይመስላል፤ ጭነት ሲበዛበት ሳይወድቅ የሚቆየው ግን እርሱ ነው። የካሜራው ሜኑ የባትሪ ዓይነት የሚያስመርጥ ከሆነ ይምረጡለት፤ አለበለዚያ ካሜራው የ1.2 ቮልቱን ባትሪ ገና ብዙ ሳይሠራበት እንዳለቀ ይቆጥረዋል። አሮጌና አዲስ አይቀላቅሉ።

መገናኛዎቹን ማጽዳት

በካሜራውና በባትሪው ላይ ያሉትን መገናኛ ብረቶች በደረቅ ጨርቅ ወይም በላጲስ አሸት አድርገው ብናኙን ያራግፉ። አልካላይን ድንጋይ ፈስሶ ነጭ ዱቄት ከጋገረ፣ ጥጥ በጥቂት ኮምጣጤ ነክረው ይጥረጉትና በደንብ ያድርቁት።

ምርመራው

እዚህ ላይ አይቸኩሉ፤ እኔ የቸኮልኩት እዚህ ነው። ባትሪዬ ግማሽ ቀን አልሠራ ሲለኝ ከአንድ ሱቅ አዲስ ባትሪና አዲስ ቻርጀር በአንድ ጊዜ ገዛሁ። ችግሩ ጠፋ፤ ደስ አለኝ፤ አሮጌውን ባትሪ ጣልኩ። ከወራት በኋላ አዲሱ ቻርጀር ለጓደኛ ሄዶ አሮጌውን ቻርጀር ብጠቀም አዲሱ ባትሪም ግማሽ ቀን አልሠራ አለ። ጥፋተኛው ቻርጀሩ ነበር፤ የተፈረደበት ግን ባትሪው። ስለዚህ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ።

በቻርጀሩ ይጀምሩ። መብራት በየጊዜው በሚሄድበት ሰፈር አረንጓዴ መብራት አይመኑ፤ የእኔ አንዱ ቻርጀር መብራት ሄዶ ሲመለስ ባትሪው ሳይሞላ አረንጓዴ ያበራ ነበር። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጎረቤት ካለዎት ቴስተሩን (የቮልቴጅ መለኪያውን) ይዋሱ። 7.2 ቮልት የተጻፈበት ሊቲየም ባትሪ በትክክል ሲሞላ 8.4 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ 3.6 ወይም 3.7 የተጻፈበት ደግሞ 4.2 አካባቢ። ከቻርጀሩ እንደወጣ ከዚህ በጣም ካነሰ ቻርጀሩን ይጠርጥሩ፤ ባትሪውን በሌላ ሰው ቻርጀር ሞልተው እንደገና ይለኩት። ቴስተሩ የማይነግርዎት ነገር ግን አለ። ያረጀ ባትሪ 8.4 ሊያሳይና አሥር ፎቶ ላይ ሊሞት ይችላል፤ ልኬቱ የሚያሳየው መሙላቱን እንጂ ምን ያህል እንደሚይዝ አይደለም።

ቀጥሎ ሦስት ሌሊት ያስፈልግዎታል። ባትሪውን ሞልተው ከካሜራው ውጭ፣ ቤት ውስጥ፣ ሦስት ሌሊት ያሳድሩት። ከዚያ ካሜራው ውስጥ ከትተው ይመልከቱ፤ ሙሉ ከሆነ ባትሪው የተሰጠውን ይይዛል ማለት ነው። ሳይነካ ከጎደለ በራሱ የሚያፈስ ነውና ከእርሱ ጋር አይታገሉ። አሁን እንደገና ሞልተው፣ ካሜራው ጠፍቶ ባትሪው ግን ውስጡ እንዳለ ሦስት ሌሊት ያሳድሩት። ውጭ ሲያድር ሙሉ የነበረው ውስጥ ሲያድር ከጎደለ የሚጠጣው ካሜራው ነው። አንዳንድ አዳዲስ ካሜራዎች ማብሪያው ጠፍቶም ዋይፋይና ብሉቱዛቸው ነቅቶ ያድራል፤ ከሜኑው ያጥፉትና ሙከራውን ይድገሙት። አሁንም ከጎደለ ወደ ጠጋኝ ይውሰዱት። ጠጋኙ ዋጋው ከከበደ ባትሪውን በየማታው ማውጣት ነጻ መፍትሔ ነው፤ እኔ አንድ ካሜራ በዚህ ዘዴ ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ።

ሁለቱንም ሙከራ ካለፈ ፎቶ ይቁጠሩ። ምሳሌ ልስጥ፦ ካነን 700ዲ በአንድ ሙሉ ባትሪ በዓይን መመልከቻው ሲነሣ 440 ያህል፣ በስክሪኑ እያዩ ሲነሣ ግን 180 ያህል ፎቶ እንደሚሰጥ አምራቹ ይገልጻል። ልብ ይበሉ፤ ይህ የተለካው በ23 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ግማሹ ፎቶ በፍላሽ ተነሥቶ ነው። ካሜራዎን በስክሪኑ ብቻ እየተጠቀሙ “440 ይል ነበር” ብለው ከከሰሱት ጥፋቱ የእርስዎ ነው። አንዳንድ ካሜራዎች ደግሞ የባትሪውን ዕድሜ ራሳቸው ይናገራሉ፦ ብዙ የኒኮን ካሜራዎች ከ0 እስከ 4 ቁጥር ይሰጡታል፤ 4 ከሆነ አርጅቷል።

ብርዱ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት፤ የጓሳ ከፍታ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎ ያድራል። ብርድ በባትሪው ውስጥ ያለውን ኬሚካላዊ ሥራ ያዘገየዋል፤ ኃይሉ አለ፣ ግን በተጠየቀበት ፍጥነት አይወጣም። ካሜራው የቮልቴጁን መውረድ ሲያይ እንዳለቀ ይቆጥርና ይዘጋል። ባትሪው ሲሞቅ የቀረው ይመለሳል፤ መሐል ሜዳ ሻይ ቤት ያየሁት ይህንኑ ነበር። ማረጋገጥ ከፈለጉ ጣርማ በርን አልፈው ወደ ሸዋ ሮቢት በሚወርዱበት ቀን ያንኑ ባትሪ ይዘው ይሂዱ፤ ቆላው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ከሠራ ብርዱ እንጂ ባትሪው አልበደለዎትም። በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ ግን አይተዉት፤ ብርድ ለጊዜው ያደክመዋል፣ ሙቀት ግን ለዘለቄታው ያስረጀዋል።

መፍትሔው ሁለት ባትሪ ይዞ አንዱን ከሹራብ ሥር ባለ ኪስ ከገላ ጋር ማሳደር፣ ካሜራው ውስጥ ያለው ሲደክም መቀያየር ነው። ጋቢ ከደረቡ ይበልጥ ይመቻል። ባትሪው ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አንድ ኪስ ውስጥ እንዳይገባ፤ መገናኛዎቹን ብረት ካገናኛቸው ይግላል።

በእሳት ለማሞቅ ፈጽሞ አይሞክሩ። እኔ አንድ ቅዳሜ ቡና ሲፈላ የቀዘቀዘውን ባትሪ ከከሰሉ ምድጃ ጥግ አስቀመጥኩት። አቦል ላይ ያስቀመጥኩትን በረካ ላይ ባነሣው ሆዱ ተነፍቶ ነበር። እሳት ሳይነሣ መትረፌ ዕድል ነው። ያበጠ ባትሪ አይበሳም፣ ቻርጅ አይደረግም፣ በኃይል ወደ ካሜራው አይገፋም። ከውርጭ የገባም ባትሪ የቤቱን ሙቀት ሳያገኝ ቻርጀር ላይ አይውጣ፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቻርጅ ማድረግ ሊቲየምን ይጎዳዋል።

ባለካሜራው

የስክሪኑን ብርሃን ይቀንሱ፣ በራሱ የሚጠፋበትን ጊዜ አንድ ደቂቃ ያድርጉ፣ ጂፒኤስና ዋይፋይ ይዝጉ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። በጥር ሠርግ ላይ የእኔን ባትሪ የሚጨርሰው ግን “እስቲ አሳየን” ነው። አንድ አክስት ፎቷን ካየች ሌሎቹም ይሰለፋሉ፤ ስክሪኑ በርቶ ይቆያል፣ ማጉላት ይመጣል፣ “ይህችን አጥፋት” ይመጣል። እምቢ ማለት ነውር ነው፤ ስለዚህ ለእነርሱ የሚሆን ሦስተኛ ባትሪ እይዛለሁ።

አዲስ መግዛት ግድ ሲሆን

የካነን 700ዲ ዋናው ባትሪ ላዩ ላይ 1120 ሚሊ አምፔር ሰዓት ይላል፤ ምን ያህል ኃይል እንደሚይዝ ማለት ነው። ቁመትና ውፍረቱ ያው በሆነ ባትሪ ላይ ሌላ አምራች ቁጥሩን ጥቂት ቢጨምር እሺ፤ 2500 ካለ ግን ቁጥሩን የሠራው ማተሚያ ቤት ነው። ርካሽ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ከሌላ አምራች ገዝቼ ለዓመታት ያገለገለኝ አለ። ሲገዙ ግን ሱቁ ውስጥ ካሜራው ላይ ከትተው ይሞክሩት፣ በየባትሪው ላይ ቁጥርና የተገዛበትን ወር ይጻፉበት።

በዐቢይ ጾም ሠርግ ስለሌለ ካሜራዬ ሁለት ወር ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ይተኛል። ያን ጊዜ ባትሪዎቹን ግማሽ አካባቢ ላይ አውጥቼ ቀዝቃዛና ደረቅ ሣጥን ውስጥ ለየብቻ አስቀምጣለሁ፤ ሙሉ ሆነውም ባዶ ሆነውም መክረም አይወዱም። ለትንሣኤ ሁለት ቀን ሲቀር ከቁጥር 1 ጀምሬ ቻርጀር ላይ አወጣቸዋለሁ።