አስቴርን መድረክ ላይ ልታዩ ከሆነ

የአስቴር አወቀን ኮንሰርት ልታዩ ነው? እንኳን ደስ ያላችሁ! እኔ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በኛ ሰፈር የሐበሻ ኮንሰርት የሚበዛው በፋሲካ፣ በገናና በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። ጁላይ ላይ ደግሞ በሰሜን አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን በየዓመቱ የሚሰባሰቡበት የኳስ ፌስቲቫል ያለበትን ከተማ ተከታተሉ።

ትኬት ቀድማችሁ ግዙ፤ በር ላይ ብዙ ጊዜ ይወደዳል። ለቪአይፒ ከመክፈላችሁ በፊት ግን ቦታው የት እንደሆነ ጠይቁ። አንዳንዴ ስፒከሩ ስር የተደረደረ ጠረጴዛ ነው። እናቴን ይዤ ስሄድ ወንበር ያለበትን እመርጣለሁ። ብቻዬን ከሆንኩ መደበኛው ይበቃኛል፤ የምቆመውም የድምፅ ባለሙያው አጠገብ ነው። ድምፁን የሚያስተካክለው እሱ ቆሞ እየሰማ ስለሆነ፣ እዚያ ጥርት ብሎ ይሰማል።

ፍላየሩ ላይ ያለው ሰዓት በር የሚከፈትበት ነው። ዋናዋ ድምፃዊት ከእኩለ ሌሊት በኋላ ልትወጣ ትችላለች። ስለዚህ ቀን ላይ ትንሽ ተኙ፣ እራት በልታችሁ ሂዱ፣ እስክስታ የሚያስወርድ ጫማ አድርጉ።

ከሁሉም በላይ ግን ጆሯችሁን አዘጋጁ። አስቴር ገና በወጣትነቷ አዲስ አበባ ውስጥ ከባንዶች ጋር የዘፈነች ሰው ናት። ሁለት አልበሞቿን፣ በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣውን ‹ካቡ›ን እና በ2019 የወጣውን ‹ጨዋ›ን አከታትላችሁ ስሙ። በመካከላቸው 28 ዓመት አለ። ሁለቱን ሰምታችሁ ከሄዳችሁ፣ መድረክ ላይ ልክ እንደ ካሴቱ እንድትዘፍን አትጠብቁም። "እንደ ድሮው አልዘፈነችውም" እያሉ የሚያጉረመርሙ ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ ፊታቸው ያለውን ሳይሰሙ ነው የሚመለሱት። የቆየ ዘፈን መድረክ ላይ ዝቅ ብሎ ሊጀመር፣ ረጋ ሊል፣ መግቢያው በሳክስፎን ሊረዝም ይችላል።

ትዝታ ሲጀመር ወሬ አቁሙ። ግጥሙን ታውቁታላችሁ፤ እናንተ የቃሉን መጨረሻ ጠብቁ። አንዲቷን ድምፅ ትስባታለች፣ ታርገበግባታለች፣ ሰበር አድርጋ ታወርዳታለች። ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳው አንዴ ተቀድቶ ቀርቷል። መድረክ ላይ ያለው ግን የዚያች ሌሊት ብቻ ነው። እኔን ከቤት የሚያስወጣኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ የስልኩን ነገር አደራ። አንድ ዘፈን ቅዱና ኪሳችሁ ክተቱት። ከኋላችሁ ያሉት እናቶች እሷን ሊያዩ ነው የመጡት፣ የናንተን ስክሪን አይደለም።

ማይኩን ወደ ሕዝቡ ስታዞር አዝማቹን በደንብ ተቀበሉ። እዚህ ተወልደው ያደጉ ልጆች አብረዋችሁ ካሉ መንገድ ላይ መኪና ውስጥ አስጠኗቸው። የእህቴ ልጅ አማርኛ ስታወራ ትፈራለች። አንድ ምሽት ኮንሰርት ላይ ግን አዝማቹን ከኛ ሁሉ ጮክ ብላ ተቀበለች፤ እናቴ ዞር ብላ ግንባሯን ሳመቻት።

ከፓርኪንግ ቶሎ ለመውጣት ብላችሁ ቀድማችሁ አትነሱ። ሞቅ ያለው ጭፈራ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ወደ መጨረሻው ነው፤ ጉልበቴን አመመኝ ብለው የተቀመጡ እትዬዎች እንኳን ያኔ ይነሳሉ። የማግስቱ ጠዋት ሥራ ካለባችሁ ደግሞ ከአሁኑ ሺፍት ተቀያየሩ።