በመሥሪያ ቤት የአይቲ መሠረተ ልማት ላይ ለውጥ ሲደረግ ሊከተሉት የሚገባ አሠራር

በሰርቨር (ለሌሎች ኮምፒውተሮች አገልግሎት በሚሰጥ ኮምፒውተር)፣ በራውተር (ኔትወርኮችን በሚያገናኝ መሣሪያ) ወይም በዳታቤዝ (በመረጃ ቋት) ላይ የሚደረግ ለውጥ በጽሑፍ ጥያቄ መጀመር አለበት። ጥያቄው ምን እንደሚለወጥ፣ ለምን እንዳስፈለገ፣ የትኞቹ አገልግሎቶች እንደሚነኩ፣ ሥራውን ማን መቼ እንደሚያከናውን ይገልጻል። ተደጋጋሚና አደጋው አነስተኛ የሆነ ሥራ አስቀድሞ በጸደቀ መመሪያ ሊከናወን ይችላል፤ ሌላው ግን ከጠያቂው ሌላ የሆነ ባለሙያ ሳይመረምረውና ኃላፊ ሳያጸድቀው መጀመር የለበትም። አስቸኳይ ለውጥም ቢሆን የአንድ ኃላፊ የቃል ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ሰነዱ ሥራው እንዳለቀ ይሟላል።

ከሁሉ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ሥርዓቱን ወደ ነበረበት የመመለሻ ዕቅድ ነው። «ችግር ከተፈጠረ ባክአፑን (የመጠባበቂያ ቅጂውን) እንመልሳለን» የሚል አንድ መስመር ዕቅድ ሊባል አይችልም። ባክአፑ በሙከራ ሰርቨር ላይ ተመልሶ በትክክል መሥራቱ መረጋገጥ፣ መመለሱ የሚፈጀው ጊዜም መለካት ይኖርበታል። ለለውጡ የተፈቀደው ጊዜ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ቢሆን፣ መመለሱም አንድ ሰዓት ተኩል የሚወስድ ቢሆን፣ እስከ 6 ሰዓት ተኩል ያልተሳካ ለውጥ እዚያው ቆሞ መመለሱ ይጀመራል። ይህ የማቆሚያ ሰዓት ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ መወሰን አለበት፤ በሌሊት የደከመ ባለሙያ «ጥቂት ደቂቃ ብቻ» እያለ መሞከሩን ስለሚቀጥል ውሳኔውን ለዚያ ሰዓት መተው ተገቢ አይደለም።

የመመለሻው መንገድ በሚለወጠው ነገር ላይ ጥገኛ መሆንም የለበትም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 4 ቀን 2021 ፌስቡክ ለ6 ሰዓታት ያህል የተቋረጠው በመደበኛ ጥገና ወቅት የተሰጠ ትእዛዝ የኩባንያውን ዋና ኔትወርክ ስለዘጋው ነበር፤ መሐንዲሶቹ ችግሩን ለማስተካከል የሚገለገሉባቸው መሣሪያዎችም አብረው በመቋረጣቸው ጥገናው ዘገየ። ስለዚህ ራውተርን ከርቀት የሚያስተካክል ሰው ከዋናው ኔትወርክ የተለየ መግቢያ ያዘጋጅ፤ አለበለዚያ በቦታው ሰው ይኑር። ጁኒፐር የተባለው የኔትወርክ መሣሪያ አምራች ኩባንያ መሣሪያዎች «ኮሚት ኮንፈርምድ» የተባለ ትእዛዝ አላቸው፤ ለውጡ በ10 ደቂቃ ውስጥ ካልተረጋገጠ መሣሪያው በራሱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። እንዲህ ያለ አማራጭ እያለ አለመጠቀም ከባድ ቸልተኝነት ነው።

ተጠቃሚዎች ስለሚቋረጠው አገልግሎት አስቀድመው ይነገራቸው። ለውጡ ሲያበቃ ሰርቨሩ መነሳቱን ማየት አይበቃም፤ የሥራ ክፍሉ ሠራተኛ ገብቶ የዕለት ሥራውን ማከናወኑ ከተረጋገጠ በኋላ ጥያቄው ይዘጋል፣ የኔትወርክ ሥዕሉና የመሣሪያዎች መዝገብም በዚያው ቀን ይታደሳሉ።