ደረት አልመጣ ሲል፣ ክርን ሲያም፦ የዙር ብዛት ችግርና መፍትሄ

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬና ገላን አካባቢ ባሉ ጂሞች ውስጥ ሰው አሠለጥናለሁ። የማየው ችግር ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፦ ዙር፣ ማለትም ሳታርፉ በተከታታይ የምትደጋግሙት አንድ ምድብ፣ ይበዛል። ማሟሟቁን፣ አያያዙን፣ ትከሻ ወደ ኋላ መሳቡን ታውቁታላችሁና አልፌዋለሁ።

ምልክት፦ ቤንች (ተኝቶ ብረት መግፋት) ለወራት እዚያው ኪሎ ላይ ቆሟል። እጅ ከደረት ቀድሞ ይዝላል። ጀሪካን ስታነሱ ክርናችሁን ይወጋችኋል።

ምክንያት፦ ትራይሴፕሱ (ከላይኛው ክንድ ጀርባ ያለው ጡንቻ) ሁለቴ እየተሠራ ነው። ቤንች ስትገፉ ክርኑን የሚዘረጋው እሱ ነው። ኢንክላይንም (ራስጌው ከፍ ባለ ቤንች ላይ መግፋት)፣ ዲፕስም (በሁለት ብረቶች መካከል በእጅ ተደግፎ ዝቅ ከፍ ማለት)፣ ፑሽ አፕም ላይ እንደዚያው። ሰው ግን የደረቱን ለብቻ፣ የእጁን ለብቻ ይቆጥራል።

አንድ ግንበኛ ልጅ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ብሎኬት ሲያነሳ ውሎ ማታ ጂም የሚመጣ። ሰኞ የሚሠራውን አንድ በአንድ ቆጠርንለት። ቤንች 5፣ ኢንክላይን 5፣ በዳምቤል (በየእጁ በሚያዝ አጭር ብረት) መግፋት 5፣ ፍላይ (ክንድን ወደ ጎን ከፍቶ ደረት ላይ መሰብሰብ) 4፣ ዲፕስ 4። ደረት ብቻ 23 ዙር! ከዚያ ደግሞ ለትራይሴፕስ ብቻ በኬብል 4፣ ተኝቶ ወደ ግንባር በማውረድ 4፣ ኪክባክ (ጎንበስ ብሎ ክንድን ወደ ኋላ መዘርጋት) 4። የሚገፉትን 19 ዙሮች ለትራይሴፕስ በግማሽ ብትይዙለት እንኳ በአንድ ማታ ከ21 ዙር በላይ ወስዷል ማለት ነው። ከዚያ እስከ ሌላ ሰኞ ምንም የለም።

ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ አየሁት። ሦስተኛው እንቅስቃሴ ላይ ብረቱ ወደ ግራ ይዘቀዝቃል፣ ወገቡ ከቤንቹ ይነሳል፣ ክርኖቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ። ሲጀምር 60 ኪሎ አሥር ጊዜ የገፋ ልጅ አሁን በ40 ኪሎ ስድስተኛው ላይ ይንቀጠቀጣል። ከዚህ በኋላ ያሉት ዙሮች ድካም ይጨምራሉ እንጂ ለደረቱ የሚጨምሩለት ነገር እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

መፍትሄ፦ በሳምንት ቁጠሩ፣ ለሁለት ቀን ክፈሉ። ለአብዛኛው ሰው በሳምንት ለአንድ ጡንቻ ከ10 እስከ 20 ዙር ይበቃል፣ ጀማሪ ደግሞ ከዚያም ባነሰ ያድጋል። እኔ ከታች ነው የማስጀምረው። ሰኞ ቤንች 3፣ ኢንክላይን በዳምቤል 3፣ ትራይሴፕስ በኬብል 3። ሐሙስ ኢንክላይን 3፣ ፍላይ 3፣ ትራይሴፕስ ከራስ በላይ 3። ደረት 12 ሆነ። ትራይሴፕስ ቀጥታ 6፣ ከሚገፉት 9 ዙሮች ግማሹ ሲጨመር 10 ተኩል። ከራስ በላይ የሚሠራውን አትዝለሉት። ረጅሙ የትራይሴፕስ ክፍል ከትከሻ አጥንት ስለሚነሳ ክንድ ወደ ላይ ሲወጣ ነው በደንብ የሚለጠጠው፣ ቤንች ደግሞ እሱን ብዙም አይነካውም።

እያንዳንዱን ዙር አቅማችሁ ሊያልቅ አንድ ወይም ሁለት ድግግሞሽ ሲቀራችሁ አቁሙ። በቤንች ዙሮች መካከል ከ2 እስከ 3 ደቂቃ እረፉ። ሰልፍ አለ ብላችሁ በ30 ሰከንድ አትመለሱ! ለሦስት ሳምንት የምትገፉት ኪሎ ወይም ድግግሞሽ ካልጨመረ፣ እንቅልፍና ምግብ ደግሞ ደህና ከሆነ፣ በሳምንት አንድ ሁለት ዙር ጨምሩ። ክርን እያመመ ግን ምንም አትጨምሩ፣ ቀንሱ።

ልጁ መጀመሪያ «ይኼማ ማሟሟቂያ ነው» ብሎ ቅር አለው። ትንሽ ቆይቶ ክርኑ ተሻለው፣ ቤንቹም ተንቀሳቀሰ።

ሌላ ደግሞ ደብተሯ ላይ ሁሉ ነገር ልክ የሆነ፣ ክርኗ ግን አልድን ያለ አንዲት እህት ነበረች። ስንነጋገር ለካ ጠዋት ጠዋት ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ 100 ፑሽ አፕ ትሠራለች። ፑሽ አፕም ዙር ነው፣ ቁጠሩት። ግንበኛ ወይም ጫኝ አውራጅ ከሆናችሁ ደግሞ የሥራው ድካምም ይቆጠር።

ምልክት፦ አንድ ጎን ብቻ ይዝላል። ምክንያቱ አንዳንዴ ብረቱ ራሱ ነው። በቆርቆሮ ሲሚንቶ ሞልተው የሚሠሩት ሁለቱ ጎን እኩል አይሆንም፣ 20 ተብሎ የተጻፈበትም 20 ላይሆን ይችላል። ወፍጮ ቤት ወስዳችሁ አስመዝኑት፣ ጥንድ ጥንዱን ለዩ። ይኼን አይቶ ዝም የሚል የጂም ባለቤት በጣም ያናድደኛል፣ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ነው የሚጎዳው። ክሩ የተበጣጠሰ ኬብል አትንኩ። ብየዳው የሚንቀጠቀጥ ቤንች ላይ አትተኙ። ብቻችሁን ቤንች ስትገፉ የብረቱ ጫፍ ላይ ክብደቱን የሚይዘውን ማሰሪያ አትዝጉ፣ ብረቱ ደረታችሁ ላይ ከቀረ አዘንብላችሁ ታወርዱታላችሁ።

ምልክት፦ በጾም አቅም ይጠፋል። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት እስከ 9 ሰዓት ሳትበሉ የምትቆዩ ከሆነ ዙሩን በሲሶ ቀንሱ፣ ኪሎውን ግን አትተዉት። ከበላችሁ በኋላ ወደ 12 ሰዓት ገደማ ሥሩ። ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ኦቾሎኒ ይብዛ። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደታችሁ 1.6 ግራም ፕሮቲን ጥሩ መነሻ ነው።

ከቆላ በቅርቡ መጥታችሁ ትንፋሽ ካጠራችሁ እረፍቱን አርዝሙ፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት።

ስትገፉ ደረት ወይም ብብት አካባቢ «ቷ» ብሎ ከዚያ ከጠቆረና ካበጠ የዙር ጉዳይ አይደለም። ጡንቻ ወይም ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። አታሹት፣ ወጌሻ ጋ አትሂዱ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂዱ።