በጅማ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ሆኖ ለመሥራት ስለሚያስፈልጉ ማስረጃዎችና ስለ ዝግጅቱ

መስማት ከተሳናት እህቱ ጋር ያደገ ወይም የጥቂት ወራት ሥልጠና የወሰደ ሰው በምልክት መግባባት ይችል ይሆናል፤ ይህ ብቻውን ግን አስተርጓሚ አያደርገውም። አስተርጓሚ የሚባለው አሁን የሚነገረውን እየሰማ ቀደም ሲል የተነገረውን በእጁና በፊቱ የሚያደርስ፣ የምልክቱንም መልስ ሳይጨምርና ሳይቀንስ በድምፅ የሚመልስ ነው።

ማስረጃ ማሰባሰብ የሚጀመረው ሊሠሩበት ያሰቡት መሥሪያ ቤት የሚጠይቀውን በጽሑፍ በመያዝ ነው፤ ትምህርት ቤት፣ ፍርድ ቤትና ሆስፒታል አንድ ዓይነት ነገር አይፈልጉምና። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የመጀመሪያ ዲግሪ ጠንካራ ማስረጃ ነው። አጭር ሥልጠና የወሰዱ ደግሞ ሰርተፊኬታቸው የሥልጠናውን ሰዓት እንዲገልጽ ያስደርጉ። የሥራ ልምድ ደብዳቤም «አስተርጓሚ ሆኖ ሠርቷል» ብሎ እንዳያልፍ፣ በስብሰባ፣ በክፍል ውስጥ ወይስ በሕክምና ቦታ እንደነበረ ከነጊዜው ይጻፍበት። ከሁሉም በላይ የምመክረው መስማት ከተሳናቸው ሰዎች ማኅበር የድጋፍ ደብዳቤ ማግኘትን ነው፤ ችሎታውን በትክክል የሚመዝኑት ተገልጋዮቹ ናቸውና።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1964 የተመሠረተው «የአስተርጓሚዎች መዝገብ» (RID) የተባለው የሙያ ማኅበር ማረጋገጫ የሚሰጠው በዕውቀትና በተግባር ፈትኖ ሲሆን፣ ማረጋገጫው ጸንቶ እንዲቆይ ተከታታይ ትምህርት ያስፈልጋል፤ በርካታ ግዛቶችም ከዚህ በተጨማሪ የራሳቸውን ፈቃድ ይጠይቃሉ። እዚህ ያለ ሰው የተግባሩን ፈተና በራሱ ላይ ሊሞክረው ይችላል። የሃያ ደቂቃ የሬዲዮ ዜና እያስተረጎሙ በስልክ ይቀረጹ፣ ቪዲዮውንም መስማት ለተሳነው ጎልማሳ አሳይተው የተረዳውን መልሶ እንዲነግርዎ ይጠይቁ። የጎደለው ሁሉ ያን ጊዜ ይታያል።

ጅማ ላይ አንድ ተጨማሪ ሸክም አለ። በኢትዮጵያ የጣት ፊደል፣ ማለትም የግዕዝ ፊደላት በእጅ በሚታዩበት ዘዴ፣ የእጁ ቅርጽ ሳይለወጥ እንቅስቃሴው ብቻ እየተለወጠ ለ፣ ሉ፣ ሊ ይባላል፤ የክልሉ ፍርድ ቤቶች ግን የሚሠሩት በአፋን ኦሮሞ፣ የሚጽፉትም በላቲን ፊደላት፣ በቁቤ ነው። ስለዚህ አስተርጓሚው አፋን ኦሮሞ ሰምቶ በምልክት ማድረስ፣ በመዝገቡ ላይ በቁቤ የሰፈረውንም ስም በጣት ፊደል ማሳየት ይጠበቅበታል። አማርኛ ብቻ የሚሰማ ሰው ይህንን አስቀድሞ ቢናገር ይሻላል።

በከተማችን በአንድ የጤና ተቋም አሥር ዓመት የማይሞላት ልጅ ለእናቷ ስታስተረጉም አይቻለሁ። ሐኪሙ ስለ ማህፀን ቀዶ ሕክምና በዝርዝር ሲያስረዳ ልጅቷ ሆዷን ነካች፣ «ታመሻል» የሚለውን ምልክት አሳየች፣ እናትየዋም ራሷን ነቀነቀች። ሴትዮዋ የተስማማችው ምን እንደሆነ ሳታውቅ ነበር። በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 9 ሙያዊ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እንዲቀርብ የሚለው እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደርስ ነው፤ ልጅን በዚህ ቦታ ማቆም ለልጅቷም ለእናቷም በደል ነው።

ፍርድ ቤት ሲጠሩ ጥንቃቄው ይበልጣል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20(7) የችሎቱ ቋንቋ ለማይገባው ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት ይፈቅዳል፤ ሆን ብሎ አዛብቶ ማስተርጎም ደግሞ በወንጀል ያስጠይቃል። ጅማ ሰው የሚተዋወቅባት ከተማ ስለሆነች በሥራ ላይ የሰሙትን ቡና ላይ አያንሡት፤ ዘመድዎ ወይም ባላጋራዎ ባለጉዳይ ከሆነም ጉዳዩን ለሌላ ይልቀቁ።

ቀጠሮው ከመጀመሩ አሥር ደቂቃ ያህል ቀድመው ከባለጉዳዩ ጋር ይገናኙና የምልክት አጠቃቀሙን ይልመዱ። ከእጅዎ ቀለም የሚለይ፣ ጌጥ የሌለው ልብስ ይልበሱ፤ ብርሃኑ ፊትዎ ላይ እንዲያርፍ ለመስኮቱ ጀርባ ሳይሰጡ ከተናጋሪው አጠገብ ይቁሙ። ያልገባዎት ቃል ሲመጣ በግምት አይለፉት፤ ንግግሩን አስቁመው ይጠይቁ።