ፈረሳችሁን ከማጠባችሁ በፊት በእጃችሁ ዳብሱት

ፈረስ ሲቆሽሽ ሰው ቶሎ የሚያነሳው ባልዲ ነው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። አንድ ቀን ጀርባው ላይ የደረቀ ጭቃ የመሰለኝን ነገር በጠንካራ ብሩሽ ስፈትግ ፈረሱ ቆዳውን እያንቀጠቀጠ ሸሸኝ። ጭቃው ሲነሳ ፀጉሩም አብሮ ተነሳ። ከሥሩ ቀይና እርጥብ ቆዳ ብቅ አለ። ለካ ጭቃ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ብሩሽም ውሃም ሳልይዝ ከአንገት እስከ እግር በመዳፌ እዳብሰዋለሁ። ከታች ያሉትን ችግሮች አብዛኞቹን ከዓይን ቀድሞ እጅ ያገኛቸዋል።

ጀርባው ላይ ቅርፊት አለ፤ ሲነሳ ፀጉር ይዞ ይመጣል

እኔን ያሳሳተኝ ይሄ ነው። ቅርፊቱን ገልብጣችሁ ስታዩት ፀጉሮቹ ተጣብቀው ትንሽዬ የቀለም ብሩሽ ይመስላሉ። ብዙ ሰው ፈንገስ ነው ብሎ የፈንገስ ቅባት ይገዛል። መንስኤው ግን ደርማቶፊለስ ኮንጎሌንሲስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። ጤነኛና ደረቅ ቆዳ በቀላሉ አይበገርለትም። ዝናብ ለቀናት ሲያርሰው ወይም ነፍሳት ሲነክሱት ግን በር ይከፈትለታል። ሳይደርቅ ልብስ የተደረበለት ፈረስም ያው ነው፤ እርጥበቱ እዚያው ይታፈናል።

መጀመሪያ ከዝናብ አስጠልሉት። ቅርፊቱን በደረቁ አትንቀሉ፣ በጣም ያማል። ክሎርሄክሲዲን የሚባል ፀረ ተህዋሲያን ባለው የቆዳ ማጠቢያ አርሱት፣ 10 ደቂቃ ያህል ይቆይ፣ በቀላሉ የሚለቀውን ብቻ አንሱ፣ ከዚያ አለቅልቃችሁ በፎጣ አድርቁት። አዎ፣ እርጥበት አመጣው ካልኩ በኋላ እጠቡት ማለቴ ያስቃል። ቁም ነገሩ ማድረቁ ላይ ነው፤ እርጥብ አድርጎ ጋጥ ውስጥ መተው ካለማጠብ ይብሳል። ጓንት አድርጉ፣ ወደ ሰውም ይተላለፋል። ብሩሹንም በፀረ ተህዋሲያን ሳታጸዱ ለሌላ ፈረስ አትጠቀሙበት።

እንዲህ ያለ ቅርፊት ከሰኮና ከፍ ብሎ ከእግር ኋላ ከወጣ ብዙውን ጊዜ የጭቃ ጣጣ ነው። ጭቃውን በየቀኑ በቧንቧ ከማጠብ ይልቅ ይድረቅና በብሩሽ ይራገፍ። እግሩ ካበጠ ወይም ካነከሰ ጉዳዩ የሐኪም ነው።

ሰኮናው ሲነሳ ይሸታል

ሽታውን አንዴ የቀመሰ አይረሳውም። የበሰበሰ ነገር ይሸታል፤ ጥቁርና የሚያሙለጨልጭ ነገርም ይወጣል። ሰኮናውን ገልብጣችሁ ስታዩ መሃሉ ላይ ባለሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል አለ፤ ግራና ቀኙ ደግሞ ቦዮች ናቸው። እዚያ ቦይ ውስጥ ፋንድያና ሽንት የነካው ጉዝጓዝ ሲጠቀጠቅ አየር አይገባም። አየር የማይፈልጉት ባክቴሪያዎች ደግሞ የሚወዱት ይህንኑ ነው።

ጫፉ የታጠፈውን የሰኮና መጥረጊያ ብረት ከተረከዝ ወደ ፊት ሳቡት። ወደ ኋላ ስትስቡ ካመለጣችሁ ለስላሳውን ክፍል ትወጉታላችሁ። ቦዩ ንጹሕ እስኪሆን ጥረጉ፣ በብሩሽ አራግፉ፣ በጨርቅ አድርቁ፣ ከዚያ ውሃ የተቀላቀለበት ፖቪዶን አዮዲን የሚባለውን የቁስል ማጽጃ ቀቡ። ጉዝጓዙ ካልተቀየረ ግን መድኃኒቱ ትርፉ ድካም ነው። በነገራችን ላይ ጋጡ ንጹሕ ሆኖም የሚያዙ ፈረሶች አሉ። ተረከዛቸው ጠባብ፣ ቦያቸው ጥልቅ ስለሆነ ነው። ለእነሱ የሰኮና ቆራጭ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ያስፈልጋል። ስትጠርጉ ከደማ ወይም ካነከሰ ሐኪም ጥሩ።

ጭራውን ከግድግዳ ጋር ያሻል

የጭራው ሥር ተመልጦ ፀጉሩ ከተንጨባረረ ብዙ ሰው ሻምፑ ያነሳል። ጭራውን አንሱና ፊንጢጣው ዙሪያ እዩ። ቢጫ ወይም ነጣ ያለ ድርቅ ያለ ነገር ካለ የትል እንቁላል ሊሆን ይችላል። ይህ ትል እንቁላሉን የሚጥለው ከውጭ ቆዳው ላይ ስለሆነ ተራው የፋንድያ ምርመራ ብዙ ጊዜ አያገኘውም። ሐኪሙ በፕላስተር አንስቶ ያየዋል። እስከዚያው ቦታውን በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፣ ጨርቁንም ጣሉት፤ ለፊቱ እንዳትጠቀሙበት አደራ።

ትል ካልሆነ የጋማውን ሥር ፈልቅቁ፣ ቅማል በዓይን ይታያል። እሱም ከሌለ ጥቃቅን ነካሽ ዝንቦችን ጠርጥሩ። ለሴቷ ደግሞ በጡቶቿ መሃል የተጠራቀመው እድፍ ራሱ ያሳክካል።

ክብ ክብ ሆኖ ተመልጧል

ጭርት ነው ብላችሁ ተነሱ። ፈንገስ ነው፤ በብሩሽ፣ በኮርቻና በእጅ ይተላለፋል፣ ሰውንም ይይዛል። ቦታውን መቦረሽ አቁሙ፣ ፈረሱን ለዩት፣ ዕቃውን በሙሉ በፀረ ፈንገስ እጠቡ።

ኮርቻ የሚያርፍበት ቦታ አብጧል

ገጣባ ከመሆኑ በፊት ድረሱበት። ከጉዞ በኋላ ኮርቻውን ስታወርዱ ላቡን እዩ። ጀርባው በሙሉ በላብ ርሶ ሁለት ቦታ ብቻ ደረቅ ከሆነ ኮርቻው እዚያ እየተጫነው ሊሆን ይችላል። ነጭ ፀጉር የበቀለበት ቦታ ካለም የቆየ የጫና ጠባሳ ሊሆን ይችላል። ላብ የደረቀበት ጨርቅ ደግሞ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፈገፍጋል፤ እጠቡት። ቁስሉ እስኪድን ኮርቻ አይነካውም። ወፍራም ጨርቅ ደርቦ መጫን ፈረሱን ማታለል ነው።

ፀጉሩ አያበራም

ይህኛው ብዙ ጊዜ የኛው ጥፋት ነው። የሚያበራው ከቆዳው የሚወጣው ቅባት ነው፤ ሻምፑ ደጋግሞ ያጥበዋል። ባለጥርስ የጎማ ብሩሽ ይዛችሁ ክብ ክብ እያደረጋችሁ አሹት፣ አቧራው ይነሳል፣ ከዚያ ለስላሳ ብሩሽ። ሁለት ሳምንት እንዲህ አድርጋችሁ ምንም ካልተለወጠ ምግቡን፣ ጥርሱንና ትሉን አስመርምሩ። ያረጀ ፈረስ ረጅሙ ፀጉሩ በወቅቱ አልረግፍ ካለው የሆርሞን በሽታ ሊሆን ስለሚችል ደም ይመርመር።

ሲቦረሽ ጆሮውን ወደ ኋላ ይጥላል

ባለጌ ነው አትበሉት። መጀመሪያ ብሩሹን ራሳችሁ ክንድ ላይ ሞክሩት። ለስላሳ ሆኖም ከሸሸ በመዳፋችሁ ቀስ እያላችሁ ሂዱበት። ሦስት ቀን በተከታታይ አንድ ቦታ ላይ ከተኮማተረ እዚያ የሚያመው ነገር አለ። ቦታውን በጠመኔ ምልክት አድርጉበትና ለሐኪሙ አሳዩት።